የእማዬ ቲቪ ሦስት ዓይነት ድምፅ ያወጣል፤ ፍላይባኩ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ለገዳዲ_ማዶ (ሰኞ ሐምሌ 14፣ ማታ 2፡40)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እስከ ዛሬ አንብቤ የምወጣ ነበርኩ። ዛሬ ግን ቸገረኝና ጻፍኩ።

የምንኖረው ከለገጣፎ አለፍ ብሎ በለገዳዲ መስመር ነው። እማዬ አንድ ባለ ሆድ 21 ኢንች ቲቪ አላት። ጃፓን ሠራሽ ነው፣ አባቴ በ1992 ዓ.ም የገዛው። ፍላት ልግዛልሽ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት። "ፍላት ሰውን ያወፍራል" ትላለች። ጎረቤት ቤት አይታ ነው። እውነቷን ነው፣ እነሱ ጋ ዜና አንባቢው ሁሉ ጉንጩ ያበጠ ይመስላል።

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ቲቪው ድምፅ ማውጣት ጀመረ። የስፒከሩን አይደለም የምላችሁ፣ ከሆዱ አካባቢ የሚመጣ ነው። ጠዋት ሲከፈት "ሽሽሽ" ይላል፣ ልክ ሽንኩርት የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ሌላው "ቀጭ… ቀጭ ቀጭ" የሚል ነው። እሱ ደግሞ አመል የለውም፣ አንዳንድ ቀን ጨርሶ የለም፣ አንዳንድ ቀን ፋታ አይሰጥም። ሦስተኛውን የምትሰማው የእህቴ ልጅ ናት። 7 ዓመቷ ነው። ቲቪው በተከፈተ ቁጥር ጆሮዋን ይዛ "ፊሽካ ይነፋል" ትላለች። እኔ በጣም ካዳመጥኩ ትንሽ ይሰማኛል። እማዬ ምንም አትሰማም።

ከትናንት ወዲያ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንዴ "ጧ!" አለ፣ ደረቅ እንጨት እንደ መስበር። ምስሉ ጭምትር ብሎ ተመለሰ። እማዬ አማትባ ነቀለችው።

የሰፈር ጠጋኝ ጠራሁ። ሳይከፍተው፣ ቆሞ አይቶ ብቻ "ፍላይባኩ ሞቷል፣ 4,500 ብር" አለኝ። ልክፈል ወይስ ልተወው?

ሱሉልታ_ብርዱ (ሰኞ፣ ማታ 2፡52)

"ቆራሌው!" የሚል ድምፅ ከበር ሲመጣ ያን ጊዜ አራተኛው ድምፅ ነው፣ መፍትሔውም እሱ ነው። ይዘህ ውጣ ወንድሜ።

ለገዳዲ_ማዶ (ሰኞ፣ ማታ 3፡05)

እህቴ በለኝ መጀመሪያ። ለቆራሌው ብሰጠው ደግሞ እማዬ አብራ እኔንም ትሸጠኛለች።

ባለካውያ (ሰኞ፣ ማታ 3፡20)

እኔ ቡራዩ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፣ ቲቪና ሪሲቨር እጠግናለሁ። የሽሽታው ነገር ከፍላይባክ፣ ማለትም ከፍተኛውን ቮልት ከሚያመርተው ትራንስፎርመር፣ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ውጪው ላይ ያለው ፕላስቲክ ይሰነጠቅና እሳት መትፋት ይጀምራል። "ጧ" ካለ በኋላ ዕድሜ የለውም። ሰውዬው ሳይከፍት መናገሩ ልክ አይደለም እንጂ ግምቱ መጥፎ አይደለም። አዲስ ማግኘት አሁን ከባድ ነው። ከምናለሽ ተራ ከሞተ ቲቪ የወጣ ይገኛል፣ ቁጥሩ አንድ ዓይነት መሆን አለበት ግን። ቁጥሩ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

"ቀጭ ቀጭ" የሚለው ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ይመስለኛል። አንድ ነገር ሾርት ሲሆንበት ለመነሳት ይሞክራል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይሞክራል።

ጋሽ_ሬዲዮ (ማክሰኞ ሐምሌ 15፣ ጠዋት 1፡30)

እንደምን አደራችሁ። ባለካውያ፣ ልጄ፣ ቸኮልክ። ፓወር ሰፕላዩ የምትለውን ቢያደርግ ኖሮ ቲቪው አይከፈትም ነበር። ምስሉም ድምፁም እያለ "ቀጭ" የሚል ከሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ሰበታ ነው ቤቴ። ከ30 ዓመት በላይ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ባለ ሆድ ቲቪ ተናጋሪ ዕቃ ነው፣ ፍላቱ ግን ዝም ብሎ ይሞታል። ስለዚህ መጀመሪያ መስማት ነው፣ ካቻቢቴ በኋላ ይመጣል።

ልጄ ለገዳዲ፣ አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ጀርባውን አትክፈቺ። ነቅዬዋለሁ ብለሽም አትክፈቺ። የ21 ኢንች የምስል ቱቦ ላይ (ሆዱ ውስጥ ያለው ትልቁ መስታወት) የሚቀመጠው ከ20,000 ቮልት በላይ ነው፣ ከተነቀለ በኋላም ቀናት ሊቆይ ይችላል። ታች ቦርዱ ላይ ያለው ትልቁ ኮንደንሰር ደግሞ 310 ቮልት ገደማ ይይዛል። እኔ ገና ስለማመድ ያ የቱቦው ያዘኝ። ኤሌክትሪኩ አልገደለኝም፣ ደንግጬ እጄን ስመልስ ግን የሳጥኑ ጠርዝ እዚህ ድረስ ቀደደኝ። ጠባሳው አሁንም አለ።

ሳይከፈት የሚሠሩ ነገሮች አሉ። ጋዜጣ ጠቅልለሽ እንደ ቱቦ አድርጊው። አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ላይ፣ ሌላውን በጀርባው ቀዳዳዎች አካባቢ ከውጭ አዙሪው፣ እንዳይነካ ብቻ። ድምፁ የት ጋ እንደሚጎላ ወዲያው ታውቂዋለሽ። ሪሞቱን ይዘሽ ድምፁን ዜሮ አድርጊው። ያኔም ካለ ከስፒከሩ አይደለም ማለት ነው። ሽታም አለ፣ መብረቅ ከወደቀ በኋላ አየሩ ላይ የሚቀረውን ሽታ ታውቂ እንደሆነ። ከዚያ ደግሞ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መብራት አጥፍተሽ ከጀርባው በቀዳዳው አሻግረሽ እዪ። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ይሁን፣ ዓይንሽም አምስት ደቂቃ ይልመደው።

በመጨረሻ "ቀጭ" የሚለውን በወረቀት ላይ ጻፊው። ስንት ሰዓት ላይ፣ በየትኛው ቀን። ይኼ ከሁሉም ይበልጣል።

አንድ ጥያቄ ልጨምር። ቲቪው ያለበት ክፍል ቡና ይፈላበታል?

ቾክና_ሰሌዳ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡15)

ጋሼ ጥሩ አሉ። እኔ የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ በልጅቷ ጉዳይ ልግባ፣ እሷን ውሸታም እንዳታደርጓት።

ፊሽካው እውነት ነው። የእኛ የድሮ ሥርጭት ምስሉን በ625 መስመር ነው የሚስለው፣ በሰከንድ 25 ጊዜ። 625 በ25 ሲባዛ 15,625 ነው። ፍላይባኩ በሰከንድ 15,625 ጊዜ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብ ደግሞ የውስጡ ብረት መሰል ነገር ትንሽ ይንቀጠቀጣል። የልጅ ጆሮ እስከ 20,000 ገደማ ይሰማል። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚሄደው ይኼ የላይኛው ነው። የ7 ዓመቷ ትጮኻለች፣ አንቺ በመከራ፣ እናትሽ ጭራሽ የለም። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ትውልድ ጆሮ ለካችሁ። ክፍል ውስጥ የማስተምርበት ምሳሌ አድርጌዋለሁ ከዛሬ ጀምሮ።

ስለዚህ ፊሽካው ከበሽታ ዝርዝር ይውጣ። ቲቪው ሲሠራ ሁሌም የነበረ ነው፣ ልጅቷ ናት አዲስ የመጣችው።

ሱሉልታ_ብርዱ (ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡30)

እኔ 34 ዓመቴ ነው፣ የአክስቴን ቲቪ ሄጄ አዳመጥኩ፣ ምንም የለም። መምህር፣ አረጀሁ በሉኝ በቃ።

ኮንዶሚኒየም_አራተኛ_ፎቅ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡10)

ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ ነው። ኮዬ ፈጬ ነኝ። የኔም የድሮ ቲቪ ነው፣ ግን ድምፁ ከስፒከር ነው። "እዝዝዝ" ይላል። የሚገርመው ሁልጊዜ አይደለም። ፊልም ላይ ከታች ነጭ ጽሑፍ ሲመጣ ይጮኻል፣ ጽሑፉ ሲሄድ ዝም። ሰው ሳወራው ይስቅብኛል። ሪሲቨሩ በአንቴና ገመድ ነው የገባው።

ባለካውያ (ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40)

ይኼን እንኳ አውቀዋለሁ፣ ጋሼ እንዳይቀድሙኝ። አይሳቅብህም፣ የታወቀ ነገር ነው። ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ሲሄዱ በጣም ነጭ የሆነው ምስል ድምፁ ውስጥ ይፈስሳል። ነጭ ጽሑፍ ሲበዛ ይጮኻል።

ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ግባ። የአንቴና ውጪው "ፓል አይ" ወይም "ዲኬ" ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ የሥርጭት ዓይነት መጠሪያዎች ናቸው። "ቢጂ" አድርገው። የእኛ ቲቪዎች ድምፁን የሚጠብቁት 5.5 ሜጋኸርዝ ላይ ነው፣ "አይ" ግን 6 ላይ ይልካል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ያንን ገመድ ተወውና ባለ ሦስቱን ግዛ፣ ቢጫ፣ ነጭና ቀዩን። ቲቪው ፊቱ ላይ ወይ ጀርባው ላይ ቀዳዳው አለው።

ኮንዶሚኒየም_አራተኛ_ፎቅ (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡00)

ባለ ሦስቱን ከታች ሱቅ ገዛሁ። ጸጥ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነው የተሰቃየሁት! ከክሩ ወጥቻለሁ፣ ቀጥሉ።

ለገዳዲ_ማዶ (ቅዳሜ ሐምሌ 19፣ ከሰዓት 9፡20)

ጠፋሁ ይቅርታ። ጋሼ ያሉኝን ሁሉ ሠራሁ። በሪፖርት መልክ ነው የማቀርበው።

ቡናውን በተመለከተ፦ አዎ፣ ቡና የሚፈላው ቲቪው ሥር ነው ማለት ይቻላል። በቀን ሁለቴ፣ እጣኑም አለ። እማዬ ያለ እጣን ቡና "ውኃ ነው" ነው የምትለው። ግን እንዴት አወቁ?

በጋዜጣ ቱቦ አዳመጥኩ። ሽሽታው የሚጎላው ከላይ ወደ ቀኝ በኩል ነው፣ ወፍራም ቀይ ገመድ በሚታይበት አቅጣጫ። ድምፁን ዜሮ አደረግኩ፣ ሽሽታው እዚያው ነው። ሽታውም አለ! ጋሼ ባይሉኝ "ጋዝ" ነበር የምለው።

ሐሙስ ሌሊት ሁሉም ሲተኛ መብራት አጥፍቼ በቀዳዳው አየሁ። ዝናቡ ገና ማቆሙ ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ግን ቱቦው ላይ ቀዩ ገመድ የሚገባበት ጥቁር የጎማ ኮፍያ ዙሪያ ሐምራዊ ነገር አየሁ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮች። ይጨፍራሉ። እውነት ለመናገር ፈራሁም፣ ቆንጆም ነበር።

አሁን ደግሞ "ቀጭ" የሚለው። በወረቀት ጻፍኩት። ማክሰኞ የለም። ረቡዕ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት አያባራም። ሐሙስ የለም። ዓርብ ማታ አንዴ። ዛሬ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ እስካሁን። ጋዜጣውን ይዤ ስዞር ድምፁ ከቲቪው አይደለም! ከሥሩ ነው፣ ከስታቢላይዘሩ። እማዬ ዳንቴል አልብሳ ስለሸፈነችው እንዳለም ረስተነው ነበር። ቲቪውን በቁልፉ አጠፋሁት፣ "ቀጭ" አላቆመም።

ሱሉልታ_ብርዱ (ቅዳሜ፣ 9፡31)

ረቡዕና ቅዳሜ። ይሄ ስታቢላይዘር ኩፖን አለው እንዴ፣ በፈረቃ ነው የሚሠራው?

ጋሽ_ሬዲዮ (ቅዳሜ፣ 10፡05)

ጎበዝ! እኔ ጋ ለሥራ ብትመጪ ኖሮ ካውያ አስይዝሽ ነበር።

በሽሽታው ልጀምር። ያየሽው ኮሮና ይባላል። አኖድ ከሚባለው ከጎማው ሥር ከፍተኛው ቮልት ወደ አየር እየሾለከ ነው። እንዴት አወቁ ላልሽው፣ ብዙ ቤት አይቻለሁ። ይህ ከፍተኛ ቮልት አቧራና ጭስ ይስባል፣ ማግኔት ብረት እንደሚስብ። የእጣን ጭስ ደግሞ ሙጫ አለው። ጎማው ላይና የቱቦው መስታወት ላይ ይለጠፋል፣ አቧራው በላዩ ይቀመጣል። በበጋ ደረቅ ስለሆነ ምንም አይልም። ክረምት ሲገባ ያ ቆሻሻ እርጥበት ይጠጣል፣ ለኤሌክትሪኩ መንገድ ይሆናል። ቲቪው ሲሞቅ ይደርቃል፣ ሃያ ደቂቃሽ እሷ ናት። ቅዳሜ ጠዋት "ጧ" ያለውም ከሌሊቱ ዝናብ በኋላ አንዴ አሻግሮ ዘሎ ነው።

ፍላይባኩ ቢሰነጠቅ ኖሮ ሐምራዊው ከታች ከራሱ ከፍላይባኩ ገላ ይታይ ነበር፣ ሲሞቅም ይብስበት ነበር እንጂ አይሻለውም። ስለዚህ 4,500 ብርሽን ያዢ። ይህ የሚጸዳ ነው።

ይህን የምጽፈው ባለሙያው ሲሠራ ቆመሽ እንድታዪ ነው፣ እንድትሞክሪው አይደለም። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ከሽቦ ጋር የታሰረ ካቻቢቴ ይዞ ቱቦውን ከላዩ ካለው የመሬት ሽቦ ጋር አገናኝቶ የቀረውን ኤሌክትሪክ ያወርደዋል። አንዴ አይበቃም፣ ትንሽ ጠብቆ ይደግማል፣ ምክንያቱም መስታወቱ የዋጠውን መልሶ ይተፋል። ከዚያ ጎማውን አንስቶ እሱንም መስታወቱንም በንጹሕ አልኮል ይጠርጋል። አረቄ አይደለም! አንድ ልጅ በአረቄ ሲጠርግ አይቻለሁ። በደንብ ሲደርቅ ሲሊኮን ቅባት ቀብቶ ይመልሰዋል። ካቻቢቴውን ከመሬቱ ሽቦ ጋር ሳያስር ጎማውን የሚያነሳ ሰው ከመጣ ቡና አጠጥተሽ ሸኚው።

ቾክና_ሰሌዳ (ቅዳሜ፣ 10፡40)

ጋሼ ያላነሷት አንዲት ነገር አለች፣ አካባቢያችንን የምትመለከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየር ሲሳሳ ኤሌክትሪክ የመያዝ አቅሙም ይሳሳል። ባሕር ዳርቻ 10 ሚሊሜትር መዝለል የማይችል ብልጭታ እዚህ ይችል ይሆናል። ጃፓን ሠራሹ ቲቪ ለኛ ተራራ ተብሎ አልተሠራም። ችሎ 25 ዓመት መቆየቱ ራሱ የሚያስመሰግነው ነው።

ባለካውያ (ቅዳሜ፣ 11፡10)

እሺ ጋሼ፣ ተሸነፍኩ በፍላይባኩ። ስታቢላይዘሩ ግን ተበላሽቷል፣ ይቀየር። ሪሌው ነው የሚንጫጫው፣ ውስጡ ያለችው በኤሌክትሪክ የምትሠራ ማብሪያ ማጥፊያ።

ጋሽ_ሬዲዮ (ቅዳሜ፣ 11፡25)

አሁንም ቸኮልክ። ሪሌው የሚንጫጫው ሥራውን ስለሚሠራ ነው። መብራቱ ሲወርድ ቀጭ ብሎ ያነሳል፣ ሲወጣ ቀጭ ብሎ ያወርዳል። የተበላሸ ስታቢላይዘር ቀን አይመርጥም። ልጄ፣ ረቡዕና ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ምን ይሠራል?

ለገዳዲ_ማዶ (ቅዳሜ፣ 11፡40)

ወይኔ። ተከራያችን እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ነው። ለሱቅ ታስረክባለች። ዓርብ ማታ ደግሞ እኛ ነን የጋገርነው።

ሱሉልታ_ብርዱ (ቅዳሜ፣ 11፡42)

ቲቪው እንጀራ ሸተተው!

ጋሽ_ሬዲዮ (ቅዳሜ፣ 11፡55)

በይ መልቲሜትር ያለው ሰው ፈልጊ። ስታቢላይዘሩ የተሰካበት ሶኬት ላይ ምጣዱ ጠፍቶ ይለካ፣ ከዚያ ምጣዱ በርቶ ይለካ። ሁለቱን ቁጥር አምጪልኝ። ከቲቪው ጀርባ የተለጠፈውንም ወረቀት አንብቢው። 110–240 የሚል ከሆነ መውረዱ ለቲቪው ምንም አይደለም፣ ስታቢላይዘሩም ያለ ሥራ ነው የሚጮኸው።

ለገዳዲ_ማዶ (እሑድ ሐምሌ 20፣ ከሰዓት 8፡15)

ወረቀቱ 110–240 ይላል። የአጎቴ ልጅ መልቲሜትር ነበረው። ተከራያችንን ለምኜ ለአምስት ደቂቃ ምጣዷን አበራችልኝ። ጠፍቶ 218፣ በርቶ 181። በነገራችን ላይ የምጣዷ ጀርባ ላይ 3.5 ኪሎዋት ይላል።

ቾክና_ሰሌዳ (እሑድ፣ 9፡00)

ይህቺን ቁጥር አልወደድኳትም። እንቁጠር።

ምጣዱ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስባል። ቮልቱ 181 ሲሆን ወደ 13 ይወርዳል። 37 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። 37 ለ13 ሲካፈል፣ መንገዱ ኤሌክትሪኩን የሚከለክልበት መጠን 2.8 ኦም አካባቢ ነው። ከቆጣሪ እስከ ቤት ስንት ሜትር ነው? 30 ሜትር ብንል፣ ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ሄዶ ሲመለስ ግማሽ ኦም እንኳ አይሞላም። ቀሪው የት አለ? ከመንገድ የሚመጣው መስመር ትንሽ ይወስዳል፣ ሁለት ኦም ግን አይወስድም።

አንድ መጋጠሚያ ላይ 1 ኦም ብቻ ቢኖር፣ 13 በ13 ተባዝቶ 169 ዋት ነው። በአንዲት ጣት በምታክል ቦታ ላይ ሦስት የብየዳ ካውያ ሰክቶ መተው ማለት ነው። ረቡዕና ቅዳሜ፣ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ።

ጋሽ_ሬዲዮ (እሑድ፣ 9፡10)

ልጄ፣ ቲቪውን ለጊዜው እርሺው። ኤሌክትሪሺያን እስኪመጣ ምጣዱ አይብራ። ተከራይሽ ትቆጣ ይሆናል፣ ትቆጣ። ጣሪያው ሥር የተቀጠለ ሽቦ ካለ በእጅ አትንኪው።

ለገዳዲ_ማዶ (ማክሰኞ ሐምሌ 22፣ ማታ 1፡50)

ትናንት ኤሌክትሪሺያን መጣ። ምጣዱ በርቶ ቆጣሪው ጋ ለካ፣ 211። ቤት ውስጥ ለካ፣ 181። "ሌባው ከዚህ እዚያ መሐል ነው" አለኝ። መሰላል ይዞ ወደ ጣሪያው ክፈፍ ወጣ።

ተከራይዋ ስትገባ ለሰርቪሱ መስመር ያወጣልን ሰው ከቆጣሪ የመጣውን የአሉሚኒየም ሽቦ ቆርጦ ከመዳብ ጋር እጅ ለእጅ ጠምዝዞታል። ጠምዝዞ በፌስታል አሥሮታል። ፌስታሉ ቀልጦ ጣሪያው እንጨት ላይ ፈስሷል። እንጨቱ በእጅ መዳፍ ስፋት ከስሏል። ከሰል ነው የምላችሁ፣ ጥፍሬን ስጭንበት ገባ።

ጭሱን ማንም አልሸተተም። እጣን ነው ብለን ይሆናላ።

ባለካውያ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡05)

የ30 ቮልት ልዩነት። ሽቦው ራሱ 6 ያህል ቢወስድ ቀሪው 24 ቮልት እዚያች ጥምዝ ላይ ነው። በ13 አምፔር 300 ዋት አለፈ። ኧረ እግዚአብሔር አወጣችሁ። አሉሚኒየምና መዳብ ዝም ብሎ አይጠመዘዝም፣ ዝገት ያበላሸዋል። ለሱ የተሠራ ማገናኛ አለ። በምን አደረገላችሁ?

እና ስታቢላይዘሩ ይቀየር ያልኩት ሰውዬ ዝም ብያለሁ። ብትቀይሪው ኖሮ አዲሱም "ቀጭ" ይል ነበር፣ ያኔ ደግሞ "ሁሉም ቻይና ነው" ብለን እንተወው ነበር።

ለገዳዲ_ማዶ (ማክሰኞ፣ ማታ 2፡20)

ቆርጦ ጣለው። ከቆጣሪ እስከ ማከፋፈያ ሳጥን ወፍራም የመዳብ ገመድ በአንድ ወጥ ሳበ፣ ለምጣዱ ለብቻ ብሬከር አደረገ። ከፍዬ ጨረስኩ፣ ኪሴ ባዶ ነው። የቲቪው የሐሙስ ነው።

ጋሽ_ሬዲዮ (ረቡዕ ሐምሌ 23፣ ጠዋት 1፡00)

ሐሙስ የሚመጣው ልጅ ካቻቢቴውን መጀመሪያ በሽቦ ያስር እንደሆነ እዪ።

ለገዳዲ_ማዶ (ዓርብ ሐምሌ 25፣ ጠዋት 3፡10)

አሠረ ጋሼ! ሳልነግረው አሠረ። ሁለቴም አወረደው። መጀመሪያ ላይ "ጭቅ" አለች ትንሽ ሰማያዊ፣ ሁለተኛ ላይ ያነሰች። ለሊቱን ሙሉ ተነቅሎ ካደረ በኋላ ነው ይሄ።

ጎማውን ሲያነሳው ሥሩ ጥቁር ቅባት ነበር፣ እንደ ድስት ቂጥ። እጣን እጣን ይሸታል፣ አልዋሽም። በአልኮል ሁለት ጊዜ ጠረገ። ቦርዱ ላይ አንዲት የደረቀች በረሮ ነበረች፣ እሷንም በነፃ አወጣልን። 600 ብር ነው የጠየቀኝ። ቡናው ወደ በረንዳ ተዛውሯል፣ በብዙ ድርድር።

ዛሬ ጠዋት ዝናብ ነበር። ከፈትኩት። ሽሽታ የለም። የእህቴ ልጅ ጆሮዋን ያዘች፣ እሱ እንኳ ጤንነት ነው።

ሱሉልታ_ብርዱ (ዓርብ፣ 3፡25)

ቆራሌው አለቀሰ።

ለገዳዲ_ማዶ (ረቡዕ ሐምሌ 30፣ ከሰዓት 7፡30)

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ተከራያችን ከጠዋት ጀምሮ ስትጋግር ዋለች። ምጣዱ በርቶ ለካሁ፣ 205። ስታቢላይዘሩ አንዴም "ቀጭ" አላለም።

እማዬ ቁጭ ብላ ስታይ ቆየችና ዳንቴሉን ገልጣ በጣቷ መታ መታ አደረገችው። "ምነው ይሄ ነገር ዝም አለ፣ ተበላሸ እንዴ?"